ወደ ሱሉልታ ሄዷል

አያቴ በሕይወቷ አንድ ትልቅ ውሸት ዋሽታለች። የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ቡራዩ ጓሮዋ ውስጥ ጎመን እየቀነጠሰች።

ዘመኑ 1969 ዓ.ም. ነው። መጋቢት ላይ ደርግ አዲስ አበባን ቤት ለቤት ያስስ ጀመር፤ ኢሕአፓ ነው የተባለ ወጣት ከየጓዳው ይለቀማል። ቡራዩ ያኔ ገጠር ነበረች ማለት ይቻላል፤ ከከተማ ያመለጠ ልጅ ግን በአምቦ መንገድ በእግሩ ይደርስባታል። አንድ የሩቅ ዘመዳችን፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ጋጣው ውስጥ ገለባ ተከምሮበት ተኝቶ ሳለ ሦስት የታጠቁ ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ልጁ የት ሄደ?»

«ወደ ሱሉልታ ሄዷል።»

እነሱም ሄዱ። ልጁ ተረፈ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የፍልስፍና ኮርስ ስወስድ ይህንኑ በር በ1797 እ.ኤ.አ. በታተመ የአማኑኤል ካንት ጽሑፍ ውስጥ አገኘሁት። ነፍሰ ገዳይ ወዳጅህን እያሳደደ መጥቶ «ቤት አለ ወይ?» ቢልህ መዋሸት ትችላለህ? ቤንጃሚን ኮንስታንት የተባለው ጸሐፊ፣ እውነት የሚገባው እውነትን የመስማት መብት ላለው ሰው ብቻ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ካንት ግን በፍጹም አለ። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ ባወጣው መጽሐፉ፣ የምትመራበት ደንብ ለሰው ሁሉ ሕግ ቢሆን የምትፈቅደው ዓይነት ይሁን ብሎ ደንግጓል፤ ውሸት ደግሞ ይህን ፈተና አያልፍም። እንዲያውም «የለም» ብለህ ዋሽተህ፣ ወዳጅህ ሳታውቅ በጓሮ ወጥቶ ከገዳዩ ጋር መንገድ ላይ ቢገናኝ ተጠያቂው አንተ ነህ ይላል።

ክፍል ውስጥ ሳቅን። ቆይቼ ሳስበው ግን ሰውዬው የዋዛ አይደለም። አሰሳውን ተመልከቱት፤ ቤት ሁሉ የሚፈተሸው ሰው ሁሉ ይዋሻል ተብሎ ስለታመነ እኮ ነው። ልጇ በእርግጥ ቤት የሌለ እናት እውነቷን ብትናገር ማን ይሰማታል?

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያ በር ላይ የቆሙት ግዴታዎች ሁለት ናቸው፤ እውነት መናገርና የተጠጋህን ሰው አሳልፎ አለመስጠት። ካንት ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት የሚል ሌላ ድንጋጌም አለው። ሁለቱ ሲጋጩ የትኛው ይቅደም? እዚህ ላይ ደንቡ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። ታጣቂዎቹም እኮ ግዴታ ነበራቸው፤ «አብዮታዊ ግዴታ» ይባል ነበር። የዘመኑ ቃል ደግሞ «ማጋለጥ» ነው። «ማንም ሰው የተደበቀ ጠላትን ያጋልጥ» የሚለውን ደንብ ካድሬው ለሰው ሁሉ ሕግ እንዲሆን ይፈቅዳል ወይ ብትሉት፣ በደስታ! በ1961 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ የተዳኘው የናዚው አዶልፍ አይክማንም እንደ ካንት ትምህርት ኖሬያለሁ ብሏል። ካንት ይህን ቢሰማ እንደሚያፍርበት አልጠራጠርም፤ ግን «ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግስ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይክማንን አላስቆመውም።

አያቴን ያልጠየቅኋት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ተመልሼ ሄጄ «ለምን ሱሉልታ አልሽ?» አልኳት።

«ሰበታ እንዳልል እህቴ እዚያ ናት። ቤቷን ያምሱባታል። ሱሉልታ የማውቀው ሰው የለኝም።»

ይኼ በየትኛው ደንብ ውስጥ ይገባል? ሦስት ጠመንጃ ፊት ቆማ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ውሸቷ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስልታለች። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሱሉልታም ግን የሰው ልጅ አለ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ከሱሉልታ የመጣ ቅቤ ሻጭ ባገኘች ቁጥር፣ በዚያ ሰሞን እዚያ የተያዘ ልጅ እንዳለ ትጠይቅ ነበር።