ጨጓራና «ስቶማክ»

በበዓል ቀን በግ ሲበለት አጠገቡ ቆሞ ያየ ልጅ ጨጓራን፣ ጉበትን፣ ሐሞትንና አንጀትን ለይቶ ያውቃል። ዱለት ከምን እንደሚሠራ ነጋሪ አያሻውም። ያው ልጅ 9ኛ ክፍል፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የባዮሎጂ መጽሐፉን ሲገልጥ «ስቶማክ»፣ «ሊቨር»፣ «ኢንተስታይን» ያገኛል። የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ ይሸመድዳል።

ነገሩ የቆየ ነው። በምኒልክ ዘመን ማብቂያ በተከፈተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ገንኖ ነበር። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ቦታውን እንግሊዝኛ ያዘ። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ ከ7ኛ ክፍል በላይ ያለው ለእንግሊዝኛ ቀረ። ደርግም ይህን አልቀየረም። የ1986ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለብሔረሰቦች ቋንቋዎች ከፈተ፤ ሁለተኛ ደረጃን ግን አልነካም። በ1990ዎቹ የመጣው «ፕላዝማ» እንኳ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር።

ወላጅ እንግሊዝኛን የሚፈልገው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲው በር የሚከፈተው በእሱ ነው። ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ግን አመጋገብ ላይ ነው። የ«ባላንስድ ዳየት»ን ትርጉም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ፣ ፕሮቲኑ ቤቱ ያለው ሽሮና ምስር ውስጥ፣ ቫይታሚኑም ጎመኑ ውስጥ መሆኑን ላያስተውል ይችላል። ፈተናውን ያልፋል፤ ትምህርቱ ግን ማዕድ ቤት አይደርስም።

መፍትሔው እንግሊዝኛን ማባረር አይደለም። መምህሩ «ስቶማክ» ብሎ ሰሌዳ ላይ ከመጻፉ በፊት፣ ተማሪው በሚያውቀው ቋንቋ ስለ ጨጓራ ይጠይቀው።