ማገዶ እንደ ሰብል፦ የአዊ ዲከረንስና የከሰል ክምሩ ሒሳብ

በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደጋማ ማሳዎች ላይ ገበሬው ጤፍ በዘራበት መሬት ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ችግኝ ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፉ ታጭዶ ይገባል። ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር ለከብት ይሆናል። አራት አምስት ዓመት ሲሞላ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል፤ መሬቱም ታርሶ ዳግም ጤፍና ችግኝ ይቀበላል። ማገዶ ከደን የሚለቀም ነገር መሆኑ ቀርቶ ከእህል ጋር የሚፈራረቅ ሰብል የሆነበት እንዲህ ያለ ሰፊ ምሳሌ በአገራችን እምብዛም አይገኝም። ታዳሽ የሙቀት ምንጭ ስለማልማት የሚደረገው ውይይት ከዚህ ማሳ ቢነሳ ይበጀዋል እላለሁ። ገበሬው የጥያቄውን ግማሽ በራሱ መንገድ መልሶታል፤ ያልተመለሰው ግማሽ የሚገኘው እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ባለው ሥራ ላይ ነው።

ከዚህ በፊት ለማገዶ እጥረት የነበረው ዋና መፍትሔ ባሕር ዛፍ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ተመናምኖ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። በፍጥነት የሚያድገው የአውስትራሊያ ዛፍ መግባቱ ዋና ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ረድቷል። ባሕር ዛፍ አንዴ ከተተከለ በኋላ እየተቆረጠ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ለአሥርት ዓመታትም ማገዶና ማገር ይሰጣል። ነገር ግን ይኸው ጥንካሬው መሬቱን ከእህል ያርቀዋል። ጉቶውን ነቅሎ ማሳውን ለእርሻ መመለስ ከባድ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ባሕር ዛፍ የገባበት መሬት ብዙ ጊዜ የባሕር ዛፍ እንደሆነ ይቀራል።

ዲከረንስም ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ጠባዩ ግን ይለያል። ከጉቶው እንደ ባሕር ዛፍ አጥብቆ ስለማያቆጠቁጥ በየዙሩ አዲስ ችግኝ ይፈልጋል። ደን አልሚ ይህን እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል፤ ለአራሹ ግን ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ዛፉ ሲቆረጥ መሬቱ ነጻ ይወጣል። በተጨማሪም ዛፉ በሥሩ ላይ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ሆኖ ናይትሮጅንን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል። የአዊ ደጋ አፈር ብዙ ዝናብ ያጠበው አሲዳማ አፈር ነው፤ ያለ ኖራና ያለ ማዳበሪያ እህል ይከዳዋል። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ዛፉ ገቢም ነው፣ የመሬት ማረፊያም ነው።

አሁን ወደ ክምሩ እንምጣ። በደንብ የደረቀ፣ ከክብደቱ 20 በመቶ ያህሉ ውኃ የሆነ 1 ኪሎ እንጨት 15 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ 100 ኪሎ እንጨት 1,500 ሜጋ ጁል ይዟል ማለት ነው። በአፈር የተሸፈነው የተለመደው ክምር ከዚህ 15 ኪሎ ያህል ከሰል ያወጣል እንበል። የ1 ኪሎ ከሰል ሙቀት ወደ 29 ሜጋ ጁል ስለሚጠጋ፣ የተረፈው 435 ሜጋ ጁል ነው። ከ10 እጅ 7ቱ ገደማ በጭስና በጋዝ መልክ ከማሳው ላይ ተነሥቶ ሄዷል። ከሰሉ ከሚይዘው ሙቀት ሩቡን ለድስት በሚያደርስ ምድጃ ላይ ቢነድ፣ ወጡን የሚያበስለው 110 ሜጋ ጁል አይሞላም። ያው 100 ኪሎ እንጨት በብክነቱ በሚታወቀው ሦስት ጉልቻ ላይ ቢነድ እንኳ፣ ከሙቀቱ 12 በመቶው ጥቅም ላይ ቢውል 180 ሜጋ ጁል ይገኛል።

ከዚህ ተነሥቶ ከሰልን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። የከተማ ቤተሰብ ከሰልን የሚመርጠው በበቂ ምክንያት ነው። ከእንጨት ይልቅ በክብደቱ እጥፍ ገደማ ሙቀት ይይዛል፣ ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ ጭሱም ያነሰ ነው፤ የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው መግደሉ ሳይዘነጋ። ከፋግታ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ እንጨቱን ራሱን መጫን ደግሞ ብዙ ውኃ ጭኖ እንደመጓዝ ነው። ስለዚህ ሊሻሻል የሚገባው አከሳሰሉ ነው። አንደኛው እርምጃ ወጪው ጥቂት ነው፦ እንጨቱን ከመከመሩ በፊት ማድረቅ። እርጥብ እንጨት ሲከመር፣ ውኃውን ለማትነን ከክምሩ ራሱ ተጨማሪ እንጨት ይነዳል። ሁለተኛው በሴኔጋል ካዛማንስ ስም የሚጠራው ጭስ ማውጫ የተገጠመለት ክምር ነው፤ በሠለጠነ እጅ ከተያዘ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት እስከ 25 ኪሎና ከዚያም በላይ ከሰል ሊሰጥ ይችላል። ከ15 ወደ 25 ኪሎ ከፍ ማለት፣ በ10 ሔክታር ይመረት የነበረውን ከሰል በ6 ሔክታር ማግኘት ነው። አራቱ ሔክታር ለጤፍ፣ ለድንች ወይም ለግጦሽ ይተርፋል። ማንኛውም የችግኝ ማፍላት ዘመቻ በዚህ ፍጥነት ይህን ያህል መሬት ሲያስገኝ አላየሁም።

በቤት ውስጥ ባለው እሳት በኩል መንገዱ ቀድሞ ተጠርጓል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ፣ እንጀራ ለመጋገር የሚፈጀውን እንጨት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ይህ ቁጠባ በመጀመሪያ የሚያሳርፈው የእንጦጦን ቁልቁለት ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ጀርባ ነው። ለምድጃው የተሰጠው ትኩረት ሩቡ እንኳ ለከሰል ክምሩ አለመሰጠቱ ያሳዝነኛል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። ዩሮሚክላዲየም የተባለ ፈንገስ የሚያስከትለው ዋግ የአዊን ዲከረንስ እያጠቃ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ በሰፊ ቦታ ተጠጋግቶ ሲተከል፣ አንዱ ማሳ የያዘው በሽታ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር አይቸገርም። ስንዴ ለሚያመርት ገበሬ የዋግ ጠባይ አዲስ አይደለም፤ ነገር ግን የስንዴ ኪሳራ የአንድ ወቅት ሲሆን፣ የዛፉ ኪሳራ የአራት ዓመት ጥበቃን ይዞ ይሄዳል። አሁን ተመራማሪው መሥራት ያለበት ፈረቃውን ሳያፈርስ ዛፉን ማሰባጠር ነው፦ ናይትሮጅን የሚሰጡ ሌሎች ዝርያዎችን በዚያው ደጋ፣ በዚያው አሲዳማ አፈር፣ ከጤፍ ጋር አብሮ መሞከር። ሙከራው በገበሬው ማሳ ላይ ይሁን፤ ውጤቱም በግንዱ ውፍረት ሳይሆን ከአንድ ሔክታር ተነሥቶ ድስቱ ዘንድ በደረሰው ሙቀትና በቀጣዩ ዓመት በታጨደው ጤፍ ይለካ።