የቀልድ ስጦታ፤ ለአሜሪካ የቢሮ ግብዣ ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ይዘው የመጀመሪያውን ዲሴምበር ለሚያሳልፉ ኢትዮጵያውያን አንድ አጭር ማስታወሻ ይደርሳቸዋል። የቢሮው ግብዣ ቀንና ሰዓት ተጠቅሶ፣ ከሥሩ «ለዋይት ኤለፋንት ከ20 ዶላር የማይበልጥ ስጦታ ይዛችሁ ኑ» ይላል። መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው «ነጭ ዝሆን» የሚል ፍቺ ያገኛል እንጂ ምን መግዛት እንዳለበት አይነገረውም። ስለዚህ ደህና ሻርፕ ወይም ሽቶ ገዝቶ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ጎረቤቱ ያመጣው የሚዘፍን የፕላስቲክ ዓሣ ነው።

ስሙ የመጣው ከሲያም፣ ከዛሬዋ ታይላንድ ነው ይባላል። ንጉሡ የጠመደውን ሹም ማደኽየት ሲፈልግ ነጭ ዝሆን ይሸልመዋል። ዝሆኑ የተቀደሰ ስለሆነ ሥራ አይሠራም፤ የንጉሥ ስጦታ ነውና አይሸጥም፤ ቀለቡ ግን ቤት ያፈርሳል። ነጭ ዝሆን በዚያ አገር ትልቅ የክብር ምልክት ስለነበር ታሪኩን እንደ ተረት መያዙ ይሻላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ለማይጠቅምም ለማይጣልም ንብረት ስሙን ወስደውታል።

ጨዋታው ቀላል ነው። ሁሉም የጠቀለለውን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል፤ ማን ምን እንዳመጣ አይነገርም። ዕጣ ይወጣል። አንደኛው አንድ ጥቅል መርጦ ይፈታል። ሁለተኛው ምርጫ አለው፤ ወይ አዲስ ጥቅል ይፈታል፣ ወይ የአንደኛውን ይነጥቃል። የተነጠቀው ሌላ ይመርጣል። ብዙ ቦታ አንድ ዕቃ ሦስት ጊዜ ከተነጠቀ በኋላ የመጨረሻው ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል፤ ሕጉ ከቢሮ ቢሮ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ያንኪ ስዋፕ ይሉታል።

ስጦታን ሰጪው ፊት መፍታት እንኳ በሚያሳፍረው ባህል ላደገ ሰው፣ ከሰው እጅ መንጠቅ ነውር ነው። እዚህ ግን አለመንጠቅ ጨዋታውን ያበርደዋል። የአለቃዎን ጥቅል ቢወስዱ የሚቀየምዎት የለም፤ እንዲያውም ያጨበጭቡልዎታል።

ይህን ጨዋታ ሲክሬት ሳንታ ከሚባለው ጋር ማምታታት ዋጋ ያስከፍላል። በሲክሬት ሳንታ የደረሰዎት ሰው ስም ይታወቃል፤ የሚገዙትም ለእርሱ ነው። «ዘ ኦፊስ» የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ እ.ኤ.አ በ2005 ባሳየው የገና ክፍል ልዩነቱን አሳምሮ አሳይቷል። ወሰኑ 20 ዶላር ሆኖ ሳለ አለቃው 400 ዶላር የሚያወጣ አይፖድ ገዝቷል። ለእርሱ የደረሰው በእጅ የተሠራ የትኩስ ዕቃ መያዣ ጓንት ሲሆን ተናዶ ሲክሬት ሳንታውን በመሃል ወደ ያንኪ ስዋፕ ይለውጠዋል። አንዱ ለሚወዳት ባልደረባው አስቦ ያዘጋጀው የሻይ ማንቆርቆሪያ ቢሮው ውስጥ በማይስማማው ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ የቀልድ ስጦታ ቦታው ማን እንደሚወስደው በማይታወቅበት ጨዋታ ነው። ስሙ ለሚታወቅ ሰው ቀልድ መስጠት ቢያንስ ጓደኝነት ይጠይቃል።

አሜሪካውያን በዚህ ንግድ ቆይተዋል። ከዴንማርክ የመጣው ሳሙኤል ሶረንሰን አዳምስ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሚያስነጥስ ዱቄት በመሸጥ ጀምሮ፣ ሲጨባበጡ እጅ የሚያንዘረዝር መሣሪያና ክዳኑ ሲከፈት የጨርቅ እባብ የሚዘልበት ጣሳ አስከትሏል። ሲቀመጡበት አሳፋሪ ድምፅ የሚያወጣውን የጎማ ትራስ ግን አይረባም ብሎ መልሶታል፤ ትራሱ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እርሱም የራሱን ሠራ።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ጋሪ ዳል ነው። ይህ የካሊፎርኒያ የማስታወቂያ ባለሙያ እ.ኤ.አ በ1975 ተራ ድንጋይ ጭድ በተነጠፈበትና መተንፈሻ ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርጎ፣ «ፔት ሮክ» ብሎ በ4 ዶላር ገደማ ሸጧል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ገዛው። ሰው የሳቀው በድንጋዩ አልነበረም። አብሮ የሚመጣው የአያያዝ መመሪያ ነው፤ ድንጋዩ «ተቀመጥ» ሲባል ወዲያው እንደሚታዘዝ፣ ለመንከባለል ግን ትንሽ እርዳታ እንደሚፈልግ በቁም ነገር ያስረዳል።

ከሱቅ ተዘጋጅቶ ከሚገዛ ዕቃ የሚበልጥ ሐሳብ የሚገኘው ከዚህ ነው። የጥርስ መፋቂያ በሚያምር ሣጥን ያስገቡና «ባትሪ የማይፈልግ፣ ለመንገድ የሚመች፣ ሙሉ በሙሉ ከእንጨት የተሠራ» የሚል መመሪያ በእንግሊዝኛ ይጻፉለት። ከአገር ቤት የመጣ ጭራ ካለዎት «ገመድ አልባ የዝንብ መከላከያ፤ ፍጥነቱ በእጅ የሚስተካከል» ይበሉት። የመፋቂያው ዋጋ ከሣጥኑ ያንሳል፤ ሲነጠቅ ግን ያያሉ። ድካም የማይፈልግ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቸኮሌት በአምስት ተደራራቢ ካርቶን ውስጥ ይቅበር፤ ፈቺው ሲደክም ሌላው ይስቃል። እ.ኤ.አ በ2008 በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የታወቀው እጅጌ ያለው ብርድ ልብስም ለሳቅ ተገዝቶ፣ ክረምቱን ሙሉ የሚለበስ ነው።

የማይደረገውስ? ወሲብ ነክ ዕቃ፣ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በውፍረትና በዕድሜ የሚያሾፍ ሁሉ ይቅር። እ.ኤ.አ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቦታ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታና በትውልድ አገር ምክንያት ማዋከብን ስለሚከለክል፣ «ቀልድ ነበር» ማለት ከክስ አያድንም። የክብደት ሚዛን ጠቅልሎ ያመጣ ሰው፣ ዕጣው ማንን እንደሚመታ አያውቅም። መጠጥም ያስቡበት፤ ሙስሊም ባልደረባ አለ፣ መጠጥ ያቆመ ሰው አለ። ለእኛው ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ወቅቱ የነቢያት ጾም ስለሆነ፣ ወተት ያለበት ቸኮሌት የደረሰው ሰው እስከ ታኅሣሥ 29 አስቀምጦ ማየት ነው ዕጣው። በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ በስም ለአለቃቸው የሚሰጡት ስጦታ ከ10 ዶላር እንዳይበልጥ ደንቡ እንደሚያዝ አይዘንጉ።

የደረሰዎትን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት ደግሞ አያምርም። ቤት ወስዶ ለከርሞ ጠቅልሎ ማምጣት ግን የተለመደ ነው። ፍሩትኬክ የተባለው ድርቅ ያለ የበዓል ኬክ ከቤት ቤት በመዞር የታወቀ ነው፤ በኮሎራዶ የማኒቱ ስፕሪንግስ ነዋሪዎች ማዞሩ ቢሰለቻቸው ነው መሰል፣ እ.ኤ.አ በ1996 ከበዓሉ የተረፈውን ኬክ አርቆ የመወርወር ውድድር ጀምረዋል።