በራስ ክብደት የሚሠራ የጥንካሬ ስፖርት፦ ላንቻ ላለ ጀማሪ

በራስ ክብደት የሚሠራ የጥንካሬ ስፖርት የሠሪው የገዛ ሰውነት ሸክም ሆኖ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክርበት ልምምድ ነው። ፑሽ አፕ፣ ቁጭ ብድግ፣ ፕላንክና ፑል አፕ ከሁሉም የታወቁት ናቸው። ብረት አይጠይቅም፤ ቦታውም አንድ ፍራሽ ከሚዘረጋበት ብዙ አይሰፋም። አንዷ ክፍል መኝታም፣ ሳሎንም፣ ማብሰያም በምትሆንባቸው የአዲስ አበባ ሰፈሮች ለጀማሪ ከዚህ የሚቀርብ ስፖርት የለም።

ላንቻ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ በስተደቡብ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ያለ ሰፈር ነው። የጣሊያኑን የመኪና ፋብሪካ ስም ይዞ ቀርቷል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚሁ ስም የሚጠራ ጣቢያ አለው። ስፖርት ሲባል የአካባቢው ሰው ሐሳብ ቶሎ የሚሄደው ወደ ሩጫ ነው። መስቀል አደባባይ ቅርብ ነው፤ ማለዳ ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ አይጠፋም፤ አገሪቱም የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎቿን በሙሉ ያገኘችው በአትሌቲክስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ግን አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ከመምከሩ ሌላ፣ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ ልምምድ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲጨምርበት ያሳስባል። ሩጫ ይህን ሁለተኛውን አይተካም።

ቁጭ ብድግን ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎች ያወቁት ግን አርፍደው ወይም ክፍል ውስጥ አውርተው፣ ጆሯቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸው እስኪንቀጠቀጥ ሲቀጡበት ነው። ስፖርትን ከቅጣት ጋር ያቆራኘ ልማድ ስለሆነ ያደረሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። በወጉ ሲሠራ እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፤ ተረከዝ ከመሬት አይነሳም፤ መቀመጫ ወደ ኋላ እየተላከ ወንበር ነካ ተደርጎ ይነሳል። ወንበሩ ሲቀል ዝቅ ያለው የቡና በርጩማ ይተካዋል። ከዚያም ያለ ምንም መደገፊያ ይወረዳል።

ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው ብዙውን ጊዜ ፑሽ አፕ ላይ ነው። ወለል ላይ የሚሠራው ሙሉ ፑሽ አፕ ከሰውነት ክብደት 64 በመቶ ያህሉን እጅ ላይ ይጥላል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 45 ኪሎ ማለት ነው፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው። በጉልበት ተንበርክኮ ሲሠራ ሸክሙ ወደ 49 በመቶ ይወርዳል። እጅ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነገር ላይ ሲያርፍ ደግሞ 41 በመቶ ገደማ ይሆናል። አንድም ፑሽ አፕ አልወጣልኝ ያለ ሰው እንግዲህ ከመጨረሻው ደረጃ ሊጀምር የሞከረ ነው። መነሻው ግድግዳ ነው፤ ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ አልጋ ጠርዝ፣ በመጨረሻ ወደ ወለል።

ቤት ውስጥ ከሚሠራው ሁሉ አስቸጋሪው መሳብ ነው። መግፋትን ወለሉ ይችለዋል፤ ለመሳብ ግን የሚይዙት ነገር ያስፈልጋል። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት ጉበን ላይ መንጠልጠል አደገኛ ስለሆነ ፑል አፕ እዚህ አይመከርም። መፍትሔው ቢጫው ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካን የሌለው ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛንም አያስፈልገውም። ባለ 20 ሊትሩን 8 ሊትር ያህል ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በአንድ እጅ አልጋ ተደግፎ ጎንበስ ማለት፤ ከዚያ ጀርባን ሳያጎብጡ ጀሪካኑን ወደ ዳሌ መሳብ። ያልሞላ ውሃ ይናጣል፤ ክንድን ወዲያና ወዲህ ስለሚጎትት ቀስ ብሎ መሥራት ግድ ይሆናል፣ ይህም ለጀማሪ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። እጀታው ጣት እንዳይቆርጥ ጨርቅ ይጠቀለልበታል። የሰፈር ወጣቶች በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ የሚያያይዙት ክብደት አንዴ ከደረቀ አይቀንስም፣ አይጨምርም። ጀሪካን ግን በኩባያ ይጨመርበታል።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። በእነዚህ ቀናት መካከል የዕረፍት ቀን ይኖራል፤ ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቹታል። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይሠራል፤ ሁለት ያህል የመጨመር ዐቅም እያለ ይቆማል። 12ቱ በሁሉም ዙር ሳያስቸግር ሲወጣ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ አንጎል ያሉትን ጡንቻዎች አስተባብሮ ማዘዝን ይማራል። መስታወት ውስጥ የሚታየው የጡንቻ ለውጥ ዘግይቶ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ሊመጣ ሲል መሆኑ ያሳዝናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ከቆላ የመጣ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በዙሮች መካከል ዕረፍቱን ወደ ሁለት ደቂቃ ማራዘም ይበቃዋል።

ጾም ጡንቻ ያሟሽሻል የሚለው ፍርሃት ከልክ ያለፈ ነው። በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይቀራሉ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽንብራ ግን አይቀሩም። ጥራጥሬ ብዙ የእህል ዓይነቶች የሚያንሳቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ንጥረ ነገር ይሰጣል፤ እህል ደግሞ ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ይሞላል፤ ሽሮ በእንጀራ በዚህ ረገድ የተሟላ ምግብ ነው። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው፦ ወጡ ከእንጀራው በርከት ማለት አለበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ጿሚ ከማፍጠሪያው ጥቂት ቀደም ብሎ ቢሠራ ምግቡ ወዲያው ይከተለዋል።

ሲገፉና ሲያነሱ ትንፋሽን አምቆ መያዝ የደም ግፊትን ሽቅብ ስለሚያወጣ፣ በሚከብደው በኩል አየር ይወጣል። በማግስቱና በሣልስቱ ጡንቻ ላይ የሚሰማ ቀላል ሕመም የተለመደ ነው፤ መገጣጠሚያን የሚወጋ ሕመም ግን የማቆሚያ ምልክት ነው። የልብ ሕመም ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና አራስ አስቀድመው ጤና ጣቢያ ይጠይቃሉ። ኮንዶሚኒየም ላይ ዝላይ ለታች ቤት ጎረቤት መከራ ስለሆነ ይቀራል፤ ለጥንካሬም አያስፈልግም።

በጉዞ፣ በሕመም ወይም በለቅሶ ምክንያት ሁለት ሦስት ሳምንት ያቋረጠ ሰው ጉልበቱ ብዙም አይጠፋም። ሲመለስ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ከወለል ወደ አልጋ ጠርዝ፣ ከጀሪካኑም ሁለት ሊትር ቀንሶ ይጀምራል።