አንተ ቀድመህ ጣል

የኑክሌር ጦር መሣሪያ እሽቅድድም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የአሜሪካንና የሶቪየት ኅብረትን ጥላቻ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ስንመረምር ግን መጀመሪያ የምናገኘው ፍርሃትን ነው፤ ያውም የሌላ የሦስተኛ ወገን ፍርሃት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1938 መጨረሻ በበርሊን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የዩራኒየም አስኳል እንደሚሰነጠቅ ደረሱበት። ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባው ሃንጋሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ሲላርድ ሂትለር ቦምቡን ቀድሞ እንዳይሠራ ሰጋ። በ1939 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አደረገ፤ አልበርት አይንስታይንም ፈረመበት። በኋላ ማንሃተን ፕሮጀክት ለተባለው ምስጢራዊ ሥራ አንዱ መነሻ ይህ ስጋት ነበር።

በ1944 መጨረሻ ጀርመን ቦምቡን እየሠራች እንዳልሆነ ተሰማ። በሎስ አላሞስ ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊው ጆሴፍ ሮትብላት ይህን ሲያውቅ፣ የመጣሁበት ምክንያት አብቅቷል ብሎ ሥራውን ለቀቀ። ሌሎቹ ግን ቀጠሉ። ሐምሌ 16 ቀን 1945 በኒው ሜክሲኮ በረሃ ሙከራው ተሳካ።

ከስምንት ቀን በኋላ በፖትስዳም ጉባኤ ትሩማን ከፍተኛ የማጥፋት ኃይል ያለው አዲስ መሣሪያ እንዳላቸው ለስታሊን ነገረው። ስታሊን ብዙም የተገረመ አልመሰለም። ስለ ሥራው ከሰላዮቹ ቀድሞ ሰምቷል፤ ከእነርሱም አንዱ በዚያው በሎስ አላሞስ የሚሠራው የፓስተር ልጅ ክላውስ ፉክስ ነበር። በነሐሴ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ከጋዩ በኋላ ስታሊን የራሱ ቦምብ በአስቸኳይ እንዲሠራ በቤሪያ የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ።

እሽቅድድሙ ሳይፋፋም የሚገታበት አንድ ዕድል ነበር። በሰኔ 1946 አሜሪካዊው በርናርድ ባሩክ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዕቅድ አቀረበ፦ በመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ይጽና፣ ከዚያ አሜሪካ ቦምቦቿን ታስወግዳለች። ከአምስት ቀን በኋላ የሶቪየቱ ግሮሚኮ ተቃራኒውን አቀረበ፦ በመጀመሪያ ቦምቡ ይታገድ፣ ያለውም ይውደም። ዱላ እንደ ጨበጡ ሁለት ባላንጣዎች እያንዳንዱ “አንተ ቀድመህ ጣል” አለ። ንግግሩ ገና ሳይቋጭ አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች ቦምብ ሞከረች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ሶቪየት ኅብረት ነሐሴ 29 ቀን 1949 በካዛክስታን የመጀመሪያ ቦምቧን አፈነዳች። ትሩማን በጥር 1950 የሃይድሮጂን ቦምብ ሥራ እንዲቀጥል አዘዘ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሁለቱ ክምችት ከ60,000 በላይ ደርሶ ነበር።

የሮትብላት መውጣት ቦምቡን አላስቀረም። እርሱ ግን ቀሪ ዕድሜውን ጦር መሣሪያው እንዲወገድ ሲሠራ ኖረ፤ በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። ወጣቶች ሆይ፣ ከእርሱ አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ከሰው ጋር የያዝነውን ጠብ ስናስብ፣ “ይህን የጀመርኩበት ምክንያት ዛሬም አለ ወይ?” ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። መልሱ “የለም” ከሆነ፣ ዱላውን ቀድሞ መጣል የእኛ ድርሻ ነው።