የተኩስ ትምህርት በካምፓላ ኮረብቶች

ካምፓላ ዛሬ በተንጣለለችባቸው ኮረብቶች ላይ አልሞ መተኮስ እንደ ትምህርትም፣ እንደ ጨዋታም፣ እንደ ወግም መነገር የጀመረው በ1862 በቡጋንዳ ንጉሥ፣ በካባካ ቀዳማዊ ሙቴሳ፣ ግቢ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጠመንጃው ራሱ ቀደም ብሎ ደርሶ ነበር። የዛንዚባር ዐረብ ነጋዴዎች በ1844 ገደማ፣ በሙቴሳ አባት በሱና ዘመን፣ ወደ ቡጋንዳ ዘልቀው ጨርቅና ዶቃ፣ ኋላም ባሩድና ጠመንጃ፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ መለወጥ ይዘው ነበር። ይሁንና ያ ጠመንጃ አፈሙዙ ልሙጥ፣ ጥይቱ እርሳስ ድብልብል፣ ከተወሰነ እርምጃ በላይ ወዴት እንደሚያርፍ የማይታወቅ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ማስፈራራት ይቻላል፤ ኢላማ መምታት ግን ብዙም አይቻልም። የተኩስ ጥበብ ታሪክ የሚጀምረው አፈሙዙ የተቦረቦረው፣ ጥይቱን እያሽከረከረ የሚልከው ጠመንጃ ሲገባ ነው።

ይህን መሣሪያ ያመጣው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ የወጣው እንግሊዛዊ መኮንን ጆን ሃኒንግ ስፒክ ነው። ስፒክ የካቲት 1862 ሲደርስ የሙቴሳ ግቢ ከዛሬው ካምፓላ መኻል በስተምሥራቅ በባንዳ ኮረብታ ላይ ነበር። ለንጉሡ ካቀረበው እጅ መንሻ ውስጥ ሐርና ዶቃ፣ የወርቅ ሰዓት፣ የሩቅ መነጽርና የብረት ወንበር ይገኙበታል። የግቢውን ልብ የሰረቁት ግን የጦር መሣሪያዎቹ ነበሩ፦ አንድ የዊትወርዝ ጠመንጃ፣ አንድ ሽጉጥ፣ ሦስት ሳንጃ ያላቸው አጫጭር ጠመንጃዎች፣ ከነባሩዳቸውና ከነጥይታቸው።

የዊትወርዙ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባል። ያ ጠመንጃ በዘመኑ የኢላማ ተኳሾች ዓለም የመጨረሻው ቃል ነበር። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ሐምሌ 2 ቀን 1860 በለንደን አጠገብ በዊምብልደን የመጀመሪያውን ውድድር ሲከፍት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ የመክፈቻዋን ጥይት የተኮሱት በማቆሚያ ላይ ከታሰረ የዊትወርዝ ጠመንጃ ነው። ርቀቱ 400 ያርድ፣ ማለትም ወደ 366 ሜትር ሲሆን፣ ጥይቷ ከኢላማው እምብርት ከሦስት ሳንቲ ሜትር ብዙም ሳትርቅ አርፋለች። በዊምብልደን የተመሰገነው ጠመንጃ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኒያንዛ ሐይቅ ዳር ባለ የአፍሪካ ንጉሥ እጅ መግባቱ፣ የካምፓላን የተኩስ ታሪክ ከዓለም አቀፉ የኢላማ ስፖርት ታሪክ ጋር ከሥሩ ያቆራኘዋል። ሁለቱ የተወለዱት በአንድ ዘመን ነው።

መሣሪያው ግን ዕውቀት ይጠይቃል። የዊትወርዝ አፈሙዝ በውስጡ ባለስድስት ማዕዘን ሆኖ የተጠማዘዘ ነው። ባሩዱ ተሰፍሮ ከአፈሙዙ ይገባል፤ ረጅሙ ጥይት በዘንግ ተገፍቶ ባሩዱ ላይ ይቀመጣል፤ መዶሻው በግማሽ ተስቦ እሳት የምትጭረው ትንሽ የመዳብ ቆብ ከቦታዋ ትሆናለች። ባሩድ ከበዛ ይረግጣል፣ ካነሰ ጥይቱ ይወድቃል። ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ የባሩዱ ጥላሸት ቦዩን ስለሚደፍነው ካልተጠረገ ቀጣዩ ጥይት ወርዶ አይቀመጥም። እንግዲህ መስፈር፣ መጠቅጠቅ፣ መጥረግ፣ ማነጣጠር፣ ትንፋሽን ገታ አድርጎ ቃታ መሳብ፣ ይህ ሁሉ ከሰው ወደ ሰው በቃልና በእጅ የሚተላለፍ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ በሙቴሳ ግቢ ከሆነው ነገር ብዙው ይህ ነበር።

ስፒክ ራሱ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደተረከው፣ ትምህርቱ የተጀመረው በላሞች ነው። ንጉሡ በግቢው የሚንጎራደዱትን አራት ላሞች ተኩሶ እንዲያሳየው አዘዘው፤ ስፒክም ያበረከተውን ሽጉጥ መልሶ ተውሶ ጣላቸው። የቆሰለችው አንዷ ዞራ ብትመጣበት በአምስተኛው ጥይት ጨረሳት። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የዚህ ታሪክ እጅግ አስከፊው ገጽ ነው። ሙቴሳ ከአጫጭሮቹ ጠመንጃዎች አንዱን በገዛ እጁ አጉርሶ፣ መዶሻውን ስቦ ለአንድ ብላቴና ሰጠውና በውጭው ግቢ ሰው ተኩሶ እንዲመጣ ላከው። ብላቴናው ወዲያው ደስ ብሎት ተመለሰ። ደህና አድርገህ መታኸው ወይ ተባለ፤ አዎን አለ። የሞተው ማን እንደ ነበር የጠየቀ አንድም ሰው እንዳልነበረ ስፒክ መዝግቧል። ስፒክም ቢሆን ስጦታውን አላስመለሰም፣ የባሩድ አቅርቦቱንም አላቋረጠም። በዚህ ሰው ሞት ያዘዘውም፣ መሣሪያውን ያመጣውም ድርሻ አላቸው። ምስክሩ የስፒክ ብቻ መሆኑና ስፒክም ራሱን ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ይህን ገጽ ግን ለራሱ ክብር ሲል የጻፈው አይመስልም።

ከዚያ ወዲያ የንጉሡ ልብ ወደ ወፍ ዞረ። ዛሬ በካምፓላ መንገዶች ዳር ዛፍ ላይ ተኮልኩለው የሚታዩት አባ ኮዳዎች ያን ጊዜም በንጉሡ ግቢ ዛፎች ላይ ነበሩ፤ ሙቴሳ የተለማመደውም በእነርሱ ነው። እንግዳው በአየር ላይ ያለ ወፍ ሲጥል ባየ ጊዜ ንጉሡ እየዘለለ፣ እጁን ከራሱ በላይ እያጨበጨበ ይጮህ ነበር። የተቀመጠ ወፍ መምታት አንድ ነገር ነው። የሚበርን ለመምታት ግን ወፉ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ማነጣጠር፣ አፈሙዙንም ሳያቋርጡ ማስከተል ያስፈልጋል፤ ይህን ያላየ ሰው ተአምር ቢለው አይፈረድበትም። በዚያው ልክ የባሩድ ልመናው አያባራም ነበር። የንጉሡ ብላቴኖች ባሩድ አለቀ፣ ጥይት ላክ እያሉ ይመላለሳሉ፤ ስፒክም የመንገዱን ስንቅ እያሰበ ቆጥቦ ይሰጣል። የተኳሾች ወግ በየትም አገር የሚሽከረከርባቸው ነገሮች፣ ማን መታ፣ ማን ሳተ፣ የማን ጠመንጃ ይሻላል፣ ባሩድ ከየት ይገኛል፣ በዚያች ግቢ አንድም ሳይቀር ይገኙ ነበር።

የጎደለው የተኩስ ሜዳ ነው። በዊምብልደን ተኳሹ የሚቆምበት መስመር ተለክቷል፤ ከኢላማው በስተኋላ ጥይት የሚያስቀር የአፈር ግድብ ተክቧል፤ ጠቋሚዎች ወደ ጉድጓዳቸው ሳይገቡ የሚተኩስ የለም። ኢላማ ተኩስን ከመግደል የሚለየው ይህ ሥርዓት እንጂ መሣሪያው አይደለም። ስፒክ ጠመንጃውንና ዘዴውን አመጣ፤ ሥርዓቱን አላመጣም። ለራሱም አልበጀውም፦ መስከረም 15 ቀን 1864 በእንግሊዝ አገር ቆቅ ሲያድን የድንጋይ ካብ ሊሻገር ሲል የገዛ ጠመንጃው ባርቆበት ሞተ። ጠመንጃው መጠበቂያ አልነበረውም።

ሙቴሳ ግን ከባንዳ ዘመኑ ወዲህ ተኳሽነትን አልተወም፤ ሠራዊት አደረገው። ነፍጥ የያዙ ወጣቶች በራሳቸው አለቃ ሥር ተደራጁ፤ የአለቃውም ማዕረግ ሙጃሲ ይባል ነበር። አሳሹ ሄንሪ ሞርተን ስታንሊ ሚያዝያ 1875 በኒያንዛ ዳር በኡሳቫራ ሲደርስ የተቀበለው የእነዚህ ሰዎች የጠመንጃ እሩምታ ነው። ሙቴሳ ከዐሥራ ሦስት ዓመት በፊት ስፒክን እንደ ፈተነ ስታንሊንም ፈተነው፤ ሴቶቼ የነጭ ሰው ተኩስ ይዩ አለ። ስታንሊ በ100 ያርድ ርቀት፣ ወደ 91 ሜትር መሆኑ ነው፣ ከውኃ ዳር የተኛ የአዞ ግልገል አንገቱን ሊበጥስ ምንም አልቀረውም። ስታንሊ ራሱ ዕድል ቀንቶኝ ነው ማለቱ ያስመሰግነዋል።

መሣሪያ ሲበዛ የሚሰበረውም ይበዛል። በኅዳር 1878 የገባው ስኮትላንዳዊው መሐንዲስና ሚስዮናዊ አሌክሳንደር ማኬይ በናቴቴ ብረት መቀጥቀጫና መቅረጫ አቁሞ ነበር። ወንጌል ሊያስተምር የመጣው ሰው ጠመንጃ እንዲጠግን ይጠየቅ ጀመር፤ ግቢው ከሚስዮኖች ከትምህርቱ ይልቅ ባሩድና ጠመንጃ ይጠብቅ ነበርና። ይህ መጠባበቅ የቡጋንዳን የሃይማኖት ታሪክ አበላሽቶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሙቴሳ በጥቅምት 1884 አርፎ ልጁ ሙዋንጋ ሲነግሥ፣ አዲሱ ንጉሥ ነፍጠኛ ጭፍሮችን አብዝቶ አለቅነቱን ለክርስቲያንና ለእስላም ወጣቶች ሰጠ። ከእነርሱም አፖሎ ካግዋና ኦኖራት ኒዮንዪንቶኖ ይገኙበታል። በመስከረም 1888 ሊያጠፋቸው አስቧል ብለው እነዚያው ጭፍሮች አባረሩት፤ ኋላ ግን ክርስቲያኖቹ፣ ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም፣ ወደ ዙፋኑ መለሱት።

በዚህ ዘመን ትክክለኛው የተኩስ ትምህርት ቤት የዝሆን አደን ነበር ማለት ይቻላል። ከአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ ዝሆን ለመጣል እጅግ መቅረብ፣ ነፋስ መለየት፣ በአንዲት ጥይት መቁረጥ ግድ ነው፤ ደግሞ ለማጉረስ ጊዜ የለም። ከኮኪ መጥቶ ግቢ የገባው ሴሜይ ካኩንጉሉ ስሙን የተከለው በዚህ አደን ሲሆን፣ ኋላ ከፕሮቴስታንቶቹ የጦር አለቆች ዋነኛው ሆኗል።

ካፒቴን ፍሬድሪክ ሉጋርድ ለእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ኩባንያ ታኅሣሥ 18 ቀን 1890 ደርሶ ዛሬ አሮጌ ካምፓላ የሚባለውን ኮረብታ ምሽግ አደረገው። ከሰዎቹ ጋር የነበረው ስናይደር፣ የኢትዮጵያ ሽማግሌዎች ሰናድር የሚሉት፣ በ1868 የናፒየር ጦር በእሮጌ ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የወጋበት ጠመንጃ ነው። ከኋላው ከፍቶ ቀለህ ስለሚጎርስ የዘንጉንና የስፍሩን ትምህርት በአንድ ጊዜ አስቀረ፤ ማነጣጠሩ ብቻ ቀረ። ማክሲም መትረየስ ደግሞ ማነጣጠሩንም አሳነሰው። ጥር 24 ቀን 1892 የንጉሡ ግቢ በነበረበት በሜንጎ ኮረብታ ፕሮቴስታንትና ካቶሊክ ሲጋጠሙ ሉጋርድ ለፕሮቴስታንቶቹ ጠመንጃ አድሎ፣ መትረየሱንም ከኮረብታው አስተኩሶ ካቶሊኮቹ ተሸነፉ፤ ሙዋንጋም ሸሸ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተለመደው የግል ተኳሽነት በአንድ ቀን ዋጋ አጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጥይት ሳይሆን በወረቀት ነው። ሐምሌ 2 ቀን 1890 የተፈረመው የብራስልስ ስምምነት ዘመናዊ መሣሪያ ወደ መካከለኛው አፍሪካ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ለቡጋንዳ ጠመንጃ ሲያመላልስ የኖረው አየርላንዳዊ ነጋዴ ቻርልስ ስቶክስ በጥር 1895 በኮንጎ በቤልጂጎች እጅ ተሰቀለ። በአንጻሩ በኢትዮጵያ በጅቡቲ በኩል መሣሪያ ይጎርፍ ስለነበር፣ በ1896 አድዋ ከዘመተው ገበሬ ብዙው ጠመንጃ ይዞ ነበር። የጠረፉ በር በማን እጅ መሆኑ የሁለቱን አገሮች ተኳሾች ዕጣ የለየው ይመስላል።

መጋቢት 10 ቀን 1900 በእንግሊዙ ልዩ ኮሚሽነር በሃሪ ጆንስተን የተፈረመው የኡጋንዳ ውል ነገሩን ቆለፈው። በውሉ መሠረት ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ የያዘ ሁሉ በዓመት 3 ሩፒ ግብር እንዲከፍል ተደነገገ፤ የጎጆ ግብሩም 3 ሩፒ ነበር፤ አንድ ነፍጥ እንደ አንድ ቤት ተቆጠረ ማለት ነው። ለካባካው ቤተሰብ 50 ነፃ ፈቃድ ተተወ፤ ለንጉሡ እናትና ለሹማምንቱ እንደ ማዕረጋቸው ያነሰ። ካባካው ዳውዲ ቹዋ ያን ጊዜ አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። የአያቱ የሙቴሳ ግቢ በባሩድ ጭስ የታወቀ ነበር፤ የልጅ ልጁ ግቢ ተኳሾች በመዝገብ ተቆጠሩ።

ሥርዓት ያለው የኢላማ ሜዳ የመጣው ከዚህ በኋላ በጦር ሠፈር ነው። በ1895 የተቋቋመው የኡጋንዳ ጠመንጃ ጦር በ1897 አብዛኛው ሱዳናዊ የሆነው ወታደሩ በደመወዝና በማያቋርጥ ዘመቻ ተማሮ ካመፀ በኋላ እንደገና ተደራጀ፤ በጥር 1902 የንጉሡ አፍሪካውያን ጠመንጃ ጦር በሚባለው ሠራዊት ውስጥ አራተኛና አምስተኛ ሻለቃ ሆነ። የእንግሊዝ ጦር በ1853 በሃይዝ ካቋቋመው የተኩስ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያዳበረው ሥርዓት፣ ርቀት መገመት፣ በተለካ መስመር መቆም፣ በትእዛዝ ማጉረስና ማራገፍ፣ ነጥብ መመዝገብ፣ ወደ ኡጋንዳ የዘለቀው በዚህ ሠራዊት በኩል ነው። ስፒክ ሳያመጣው የቀረው ነገር ከአርባ ዓመት በኋላ ደረሰ። የደረሰው ግን ለባንዳና ለሜንጎ ልጆች አልነበረም፤ ከሰሜን በመጡና በተቀጠሩ ወታደሮች ዘንድ ነው። የሙቴሳ ተኳሾች ልጆች ደግሞ በዚያው ዘመን ወደ ጽሕፈት፣ ወደ ጥጥ እርሻና ወደ ርስት ክርክር ዞረው ነበር።