ድጥና ማጥ፦ ስለ አንድ የተሽከርካሪ ስያሜ

የተሽከርካሪ ቃሎቻችን በየዘመኑ የተወረሱ ናቸው። «ፍሬን»፣ «ካምቢዮ»፣ «ማርሽ» ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ «ፎር ዊል ድራይቭ» ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እንደ ላንድሮቨር ካሉት መኪናዎች ጋር ከእንግሊዝኛ ገባ።

በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አሰላ ላይ ሲቋቋም፣ ሥራው ከከተማው ወጥቶ ወደ ገጠሩ ዘለቀ። በዚያ ደጋ ክረምት ሲገባ መኪናና ጭቃ ይገናኛሉ።

አማርኛ ግን ጭቃን ሁሉ አንድ አያደርግም። «ድጥ» የሚያንሸራትተው፣ «ማጥ» የሚያሰጥመው ነው፤ «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው ምሳሌ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱ ለተርጓሚ ይጠቅማል። በማጥ ውስጥ የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማዎች ሲከፈል፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ስለሚገፋ መኪናው የመውጣት ዕድሉ ይሰፋል። በድጥ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን በማናቸውም መኪና አራቱንም ጎማ ስለሚይዝ፣ የኃይሉ መከፈል የመቆሚያውን ርቀት አያሳጥርም፤ የሚወስነው ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ መያዙ ነው። ዳገቱን በቀላሉ የወጣ ነጂ ቁልቁለቱንም እንዲሁ የሚወርድ ይመስለዋል።

ስለዚህ «ባለ አራት ጎማ» አይበቃም፤ የቤት መኪናም አራት ጎማ አለው። «በአራት ጎማ የሚነዳ» የሚለውም «መንዳት» መምራትንና መቆጣጠርን ስለሚያሳስብ ያሳስታል። በእኛ አስተያየት «በአራት ጎማ ገፊ» የሚለው ይሻላል፤ መግፋትን ይናገራል እንጂ ማቆምን ተስፋ አይሰጥም። በመመሪያ መጽሐፍ ውስጥ የአንድ ቃል ስሕተት ዋጋው የሚከፈለው መንገድ ላይ መሆኑ ልብ ይባል።